የአባቴን ጊታር ወደ የትኛው ዓመት ልመልሰው?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር የ42 ዓመት ሴት ነኝ። አባቴ ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ከሚሠሩ ባንዶች ጋር ጊታር ይጫወቱ ነበር። በሰዓት እላፊው ዘመን ሰው ሁሉ እስኪነጋ አዳራሽ ውስጥ ተዘግቶበት ሲያድር፣ እሳቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ማደራቸውን እያነሡ ያጫውቱን ነበር። ትተውልን ከሄዱት ነገር ሁሉ እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ቀይ፣ ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው።

ጊታሩን በ1962 ዓ.ም. አስመራ ከሚገኘው የቃኘው የጦር ሰፈር ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ አሜሪካዊ ወታደር ላይ ነው የገዙት። ያን ጊዜ መሐሉ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ እየጠቆረ የሚሄድ ቡናማ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ቀለሙ ስለተላላጠ ጋራዥ ወስደው በመኪና ቀለም ቀይ አስቀቡት። ከሦስት ዓመት በኋላ የመሐለኛው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሽቦ የተጠመጠመበት ዕቃ) ድምፅ ሲያጣ፣ መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ስለነበረ፣ ፒያሳ የሚሠሩ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሽቦውን እንደገና በእጃቸው ጠምጥመው አስነሡላቸው። በ1975 ዓ.ም. አሜሪካ ከገቡ በኋላ ደግሞ፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ፣ የሙያ ጓደኞቻቸው ሲያደርጉ አይተው ፍሎይድ ሮዝ የሚባለውን ክሩን የሚቆልፍ ብሪጅ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚታሰሩበት ብረት) አስገጠሙ። ለዚህ ሲባል ገላው ተፈለፈለ፣ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ተቆረጠ፣ ከብሪጁ አጠገብ የነበረው ፒክአፕ ወጥቶ ሃምበከር የሚባል ሁለት ጥምጥም ያለው ወፍራም ፒክአፕ ገባ፣ የመቃኛ ቁልፎቹም ተቀየሩ። «ከዚያ ወዲህ እንደ ልቤ አይናገርልኝም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። በኋላማ ከሣጥኑ ማውጣቱንም ተዉት።

ባለፈው ወር አንድ ጊታር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ቀለሙን ልጠው፣ የተፈለፈለውን ሞልተው፣ የዘመኑን ዕቃ አፈላልገው ልክ እ.ኤ.አ. በ1966 ከፋብሪካ እንደወጣ ሊያደርጉት 4,200 ዶላር ጠየቁኝ። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ «እንዳለ እንሽጠው፣ እዚህ ገዢ አለኝ» ይላል። የ15 ዓመት ልጄ ጊታር እየተማረች ስለሆነ በአያቷ ጊታር መጫወት ትፈልጋለች፣ ነገር ግን ቅኝቱን ልትይዝለት አልቻለችም። እናቴ ምንም አልተናገሩም። አባቴ ከጊታሩ የወጡ ዕቃዎችን ያስቀመጡበት የሚመስለኝ አንድ ካርቶንም አለ፤ እስካሁን ለመክፈት አልደፈርኩም።

ለሙት ዓመታቸው ታድሶ ዘመድ ቢያየው ብዬ አስቤ ነበር። ወደ መጀመሪያው ብመልሰው አባቴን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን የእጃቸውን ሥራ የማጠፋ እየመሰለኝ ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ ጠያቂያችን፤

የአባትዎን ነፍስ ይማርልን፣ እናንተንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በፊት ልቤ ላይ የቀረው የገንዘቡ መጠን ወይም የወንድምዎ ቁጣ ሳይሆን «ለመክፈት አልደፈርኩም» ያሉት ካርቶን ነው፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ሸክም ላውርድልዎት። ሥራውን ከሙት ዓመቱ ጋር አያያይዙት። የቀሩት አራት ወራት ናቸው፤ እንጨት ተጣብቆ እስኪረጋና ቀለም እስኪደርቅ ብቻ ብዙ ሳምንታት ይፈጃል፣ ቀን የተቆረጠለት ሥራ ደግሞ ለጥድፊያ ይዳርጋል። ጊታሩ ሣጥኑ ውስጥ ቢቆይ የሚጎዳው ነገር የለም፤ የሜሪላንድ በጋ እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ቤዝመንት ውስጥ አይተዉት እንጂ፣ እናንተ በምትኖሩበት ክፍል፣ እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ቢሆን፣ ሌላ አሥር ዓመት ሊጠብቅዎት ይችላል። ለሙት ዓመቱ እንዳለ፣ ቀይ እንደሆነ፣ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ ቢቀመጥ የሚያውቁት ሰዎች የሚያውቁትን ጊታር ያያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ። «ወደ መጀመሪያው መመለስ» ሲባል የትኛው መጀመሪያ እንደሆነ መወሰን ግዴታ ነው። ጠጋኙ የሚነግሩዎት 1966፣ በእኛ አቆጣጠር 1958 ዓ.ም. ገደማ፣ ጊታሩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን ከሚገኘው የፌንደር ፋብሪካ የወጣበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት አባትዎ ጊታሩን አላዩትም፤ እጃቸው የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። ሌሊቱን እስኪነጋ የተጫወቱበት ጊታር ቀዩና መሐለኛው ፒክአፑ በሬዲዮ ጠጋኙ እጅ የተጠመጠመው ነው። በመጨረሻ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. የተፈለፈለው፣ እሳቸው ራሳቸው ቅር የተሰኙበትና ሣጥን ውስጥ የቀረው ጊታር አለ። በአንድ እንጨት ላይ ሦስት ዘመን ተደራርቧል፤ አንዱን ለማምጣት ሌላውን ማንሣት የግድ ስለሚሆን፣ ማንኛውንም ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ዘመኑን መምረጥ ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ ጠጋኙ አይደሉም።

የእኔን ሐሳብ ሳልሸሽግ ልንገርዎት። እኔ ብሆን ወደ ፋብሪካው ዓመት አልመልሰውም፤ አባትዎ የተጸጸቱበትን ብቻ ፈትቼ ወደ ቀዩ ዘመን እመልሰዋለሁ። ይህን የምለው በናፍቆት ብቻ አይደለም፤ የሙያውና የገበያው አሠራርም ወደዚያው ያመለክታል።

ከገበያው እንጀምር። በአሮጌ ጊታር ነጋዴዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ልማድ ቀለሙ የተቀየረ ጊታር ቀለሙ ካልተነካው አቻው ዋጋ ግማሽ ያህሉን ብቻ ያወጣል የሚል ነው። ገላው ለፍሎይድ ሮዝ ሲፈለፈልና አንገቱ ሲቆረጥ ደግሞ ዋጋው ከዚያም በጣም ይወርዳል። ልብ ሊሉት የሚገባው አስቸጋሪ ነጥብ፣ ይህ ኪሳራ በእድሳት የማይመለስ መሆኑ ነው። የፋብሪካው ቀለም አንዴ ከጠፋ በላዩ የሚቀባው ምንም ያህል ቢያምር አዲስ ቀለም ነው፤ ገዢም ያንኑ ይለዋል። ሻጩም እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበት። በዚያ ላይ ፌንደር እ.ኤ.አ. በጥር 1965 ለሲቢኤስ ኩባንያ ከተሸጠ በኋላ የተሠሩት ጊታሮች ከዚያ በፊት የተሠሩትን ያህል ዋጋ አይጠሩም፤ የአባትዎ ጊታር ደግሞ ከኋለኞቹ ወገን ነው። ስለዚህ 4,200 ዶላሩን ያወጣሉ ብለው ሲያስቡ፣ ተመልሶ የሚገኝ ገንዘብ ነው በሚል ሳይሆን ለቤተሰብ ደስታ የሚወጣ ገንዘብ ነው በሚል ስሌት ቢያስቡት ከወንድምዎ ጋር ያለዎት ክርክርም ይጠራል።

የጊታሩ ዕድሜም በትክክል ይረጋገጥ። ከአንገቱ ጀርባ ባለው ብረት ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግምት እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ብረቱ በአራት ብሎን የሚፈታ በመሆኑ ከጊታር ወደ ጊታር ሊዘዋወር ይችላል። የተሻለው ማስረጃ አንገቱ ሲፈታ ተረከዙ (ገላው ውስጥ የሚገባው ጫፉ) ላይ የሚገኘው የቀን ማኅተም ነው። በቮልዩምና በቶን መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ያለው ቁጥርም ይረዳል፤ ለምሳሌ 1376612 የሚል ካዩ 137 የአምራቹ መለያ፣ 66 ዓመቱ፣ 12 ሳምንቱ ነው። ይሁን እንጂ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1966 እነዚህን መቆጣጠሪያዎች በብዛት ገዝቶ ለዓመታት ሲጠቀምባቸው ስለቆየ፣ ቁጥሩ ጊታሩ ከዚያ በፊት አለመሠራቱን እንጂ በዚያው ዓመት መሠራቱን አያረጋግጥም። ይህን ምርመራና የዋጋ ግምቱን እድሳቱን ለመሥራት ያልተጫረተ ሌላ ባለሙያ በጽሑፍ ቢሰጥዎት ደስ ይለኛል። የመጀመሪያውን ሰው ለመጠርጠር አይደለም፤ ሥራውን የሚፈልግ ሰው ራሱ ግምቱን ባይሰጥ ለሁለታችሁም ይበጃል።

ስለ ፍሎይድ ሮዝም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም አባትዎ ስህተት ሠሩ ብለው እንዳያዝኑ እፈልጋለሁ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረ ጊታሪስት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ብሪጅ ይመኝ ነበር። ክሩን ከሁለቱም ጫፍ ስለሚቆልፈው፣ ድምፁን ለማወዛወዝ ብሪጁ ላይ ያለው ማንሻ የቱንም ያህል ቢወዛወዝ ቅኝቱ አይናጋም። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ሰው ይህን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከባድ ብረት ለማስገባት ብዙ እንጨት ወጥቷል፤ በቀጭኑ ፒክአፕ ፋንታ የገባው ሃምበከር ደግሞ የድምፁን ጠባይ ቀይሮታል። ስለዚህ «እንደ ልቤ አይናገርልኝም» ያሉት የጆሮ ፍርድ ነው፣ የሚታመንም ነው። ልጅዎ ቅኝቱን ልትይዝለት ያልቻለችውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ በዚህ ብሪጅ አንዱን ክር ሲያጠብቁ ሌላው ስለሚላላ፣ መቆለፊያውን ፈትቶ ደጋግሞ መቃኘት ትዕግሥትና ልምድ ይጠይቃል።

ይህን ለመፍታት የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው። የተፈለፈለው ቦታ በተመሳሳይ እንጨት፣ በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ በኦልደር፣ ተሞልቶ ይጣበቃል፤ የጥንቱ ብሪጅ የሚታሰርባቸው ስድስት የብሎን ቀዳዳዎች እንደገና ይበሳሉ፤ በአንገቱ ጫፍ የተቆረጠው ቦታ ትንሽ እንጨት ተለክቶለት ይሠራል። ለሃምበከሩ የሰፋው ጉድጓድ ከፕላስቲክ ሽፋኑ በታች ስለሚቀር፣ ሦስት ቀጫጭን ፒክአፕ የሚቀበል ሽፋን ሲገጠምለት ከላይ አይታይም። ብሪጁ ዙሪያ ላይ ግን የተሞላው እንጨት ይታያል፤ እሱን ለመሸፈን እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ቀይ ማስነካት እንጂ ገላውን በሙሉ መላጥ አያስፈልግም።

ቀዩን ቀለም በተመለከተ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ አያስልጡት። ጋራዥ ውስጥ በመኪና ቀለም መቀባቱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ፌንደር ራሱ በዚያ ዘመን ለልዩ ቀለሞቹ የሚጠቀመው ዱፖንት ለመኪና የሚያመርታቸውን ዱኮና ሉሳይት የተባሉ ቀለሞች ነበር። ከሥር የቀድሞው ቡናማ አለ ወይ የሚለው ቢያጓጓዎት፣ አንገቱ ሲፈታ የሚገባበትን ኪስና ከሽፋኑ በታች ያለውን ቦታ ማየት ይበቃል። የመሐለኛው ፒክአፕም ይቆይ። ባለሙያው በኤሌክትሪክ መለኪያ ይየው፤ የስትራቶካስተር ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ 6 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል፣ የሬዲዮ ጠጋኙ ግን ባገኙት ሽቦ የጠመጠሙት ስለሆነ ከዚህ ቢለይ አይደንግጡ። ድምፅ እስካለው ድረስ በአዲስ አበባው ዘመን አባትዎ ሲያሰሙት የነበረው ድምፅ እሱ ነው። እኔ በበኩሌ የእነዚያን ዓመታት ካሴቶች በሰማሁ ቁጥር፣ ያን ሁሉ ሙዚቃ የተሸከሙት እንዲህ ባሉ ስም ያልተጻፈላቸው ጠጋኞች እጅ የቆሙ መሣሪያዎች እንደሆኑ አስባለሁ።

አንድ ምሳሌ ላንሣልዎት። ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ የገዛው ጥቁር ስትራቶካስተር አለ። እንደ አባትዎ ጊታር ቡናማ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣና በኋላ በላዩ ጥቁር የተቀባ ነው። አንገቱ ተቀያይሯል፣ ተጨማሪ ፒክአፕ ገብቶ ወጥቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ካህለር ለሚባል ብሪጅ ሲባል ገላው ተፈልፍሏል። ከዚያ ለዓመታት በአንድ ምግብ ቤት ለእይታ ተቀምጦ ሲመለስለት፣ ጊልሞር ወደ ፋብሪካው ቡናማ አልመለሰውም። የተፈለፈለውን በእንጨት አስሞልቶ፣ የጥንቱን ዓይነት ብሪጅ አስገጥሞ፣ ጥቁሩን እንደነበረ ትቶ ተጫወተበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በጨረታ 3,975,000 ዶላር ተሸጧል። ዋጋው የተጫዋቹ ስም ዋጋ ስለሆነ ለእርስዎ መለኪያ አይሆንም፤ የምነግርዎት ስለ ውሳኔው ነው። የጎዳውን ብቻ ፈታ፣ የሕይወቱ አካል የሆነውን ተወ።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ «እንሽጠው» ማለታቸው የግድ ግድየለሽነት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ገንዘቡ ያስፈልጋቸው ይሆን? ወይስ ከሩቅ ሆነው ሐዘን ላይ ሳይገኙ ቀርተው፣ ዕቃው ሁሉ እርስዎ ዘንድ መቅረቱ ከብዷቸው ይሆን? ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ግን ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት በስልክ «አባባ ሲጫወቱበት የምታስታውሰው የትኛውን ዘፈን ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው ምን ይመልሱ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ሽያጭ ከመረጣችሁም አንድ ጥንቃቄ አለ። በዚያ ዘመን አንዳንድ የፌንደር አንገቶች የጣት ሰሌዳቸው ከብራዚል ሮዝውድ የተሠራ ነው፤ ይህ እንጨት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ በጥብቅ የተከለከለ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ወደ ጀርመን ልኮ መሸጥ ጊታሩን በጉምሩክ ሊያስወርሰው ይችላል። እንጨቱ ምን እንደሆነ ባለሙያው ሳያረጋግጥ ገዢ ጋር ቀጠሮ አይያዝ።

እናትዎን ግን በደብዳቤዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለፏቸው። ጊታሩ በውርስ የእሳቸውም ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ቀዩ ሲቀባ፣ ፒክአፑ ሲጠመጠም አጠገብ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዝም ያሉት ማንም ስላልጠየቃቸው ይሆን? «ቀይ ለምን መረጡ?» ብለው ቢጀምሩላቸው፣ ከእኔም ከጠጋኙም የማያገኙትን መልስ ያገኙ ይሆናል። ካርቶኑንም ብቻዎን አይክፈቱት፤ አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ከእናትዎና ከልጅዎ ጋር ሆናችሁ ክፈቱት። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንሡ፣ ብሎን እንኳ ቢሆን አትጣሉ። አባትዎ የጥንቱን ብሪጅ፣ ቁልፎቹንና የወጣውን ፒክአፕ አስቀምጠው ከሆነ የሚገዛው ዕቃ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ከተጠየቁት በጣም ሊወርድ ይችላል። ማስቀመጣቸው ራሱም አንድ ቀን መልሰው ሊገጥሙት አስበው እንደነበር ሊጠቁምዎት ይችላል። ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ነገር ቢገኝ ደግሞ፣ የማያለቅስ ሰው እንዲኖር አትጠብቁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጠጋኙ ሲመለሱ ቀለም መላጥን የማይጨምር አዲስ ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚህ ቀደም የሞሉትን ገላና የጠገኑትን አንገት ያሳዩዎት፤ ፍሎይድ ሮዙንና ሃምበከሩን ጨምሮ የሚወጣውን ሁሉ እንዲመልሱልዎት ይስማሙ፤ እነሱም ወደዚያው ካርቶን ይግቡ። ሥራው እስኪጀመር ድረስ ጊታሩ አሁን ባለበት ሁኔታ አዲስ ክር ተደርጎለት፣ ብሪጁ ሚዛኑ ተስተካክሎ ለልጅዎ ይሰጣት፤ ሁለት ሦስት ወር ትጫወትበትና የምትለውን እንስማ፣ የወደፊት ባለቤቱ እሷ ልትሆን ትችላለችና። ከአባትዎ ጋር የተቀዱ ካሴቶች በእጃችሁ ወይም በጓደኞቻቸው እጅ ካሉ ደግሞ ቀይ ጊታሩ የሚሰማበትን አንዱን ወደ ስልክዎ አስገልብጠው ይውሰዱና፣ ጠጋኙ መጋዛቸውን ከማንሣታቸው በፊት ተቀምጠው ያዳምጡት።